ዓይኗ ከገጹ ይነሳል

ኦገስት 13፣ 2007። ሰኞ

ከኮሌጁ ደብዳቤ ደረሰኝ። እዚህ ፑዌርቶ ሪኮ፣ በከተማችን የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ድምፅ ከሰጡ በኖቬምበር ሰባ አምስት ዓመት ይሞላል። ኮሌጁ በግቢው ውስጥ፣ የድሮው ትምባሆ ፋብሪካ አዳራሽ በነበረበት ቦታ፣ የአርባ አንድ ሴቶች ስም ያለበት የነሐስ ሰሌዳ ሊያቆም ነው። የመጀመሪያው ስም የእናቴ ነው፤ ኦቲሊያ ሪቤራ፣ መምህርት።

ሥራዬ ሦስት ነው። ስሞቹን ማረጋገጥ፣ ከስሞቹ በላይ የሚቀረጸውን አጭር ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ በበዓሉ ቀን ስሞቹን ማንበብ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ባሌንቲን ኬሳዳ ሲደውልልኝ ንግግሩን ሳላስጨርሰው እሺ አልኩ። ለምን እንደቸኮልኩ አላውቅም።

ይህን ደብተር የገዛሁት ሥራውን በቅደም ተከተል ለመያዝ ነው። አርባ ዓመት በዝግጅት ደብተር ነው ያስተማርኩት፤ ያለ ደብተር ማሰብ አይሆንልኝም።

የእናቴ ወረቀቶች ሦስት ሣጥን ናቸው። አንደኛው ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ። ሦስተኛውን መክፈት አያስፈልግም። በ1981 ስታርፍ አስተካክዬ በገመድ አስሬዋለሁ።

ኦገስት 16

ስሞቹን ከምርጫ መዝገቡ ጋር ለማመሳከር ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የድሮ ሰነዶችን የምትጠብቀው ኔሬይዳ ናት። በ1965 ሦስተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ዛሬ ራሷ አያት ሆናለች፤ ግን እንደ ተማሪዎቼ ሁሉ አሁንም "ሚሲ" ነው የምትለኝ።

"ሚሲ፣ እጄን ልታጠብ ወይስ ዛሬ ይለፈኝ?" አለች መዝገቡን ይዛ ስትመጣ። ድሮ መጽሐፍ ከማስነካቴ በፊት መዳፋቸውን እየገለበጥኩ አይ ነበር። ሳቅን።

ሠላሳ ስም ያህል እንዳመሳከርን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። አያቷ ፔትሮኒላ ባዬስም ያኔ ልትመዘገብ ሄዳ ነበር። እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ የትምባሆ ቅጠል ከአጥንቱ የምትገነጥል ሠራተኛ ነበረች። ማንበብ አትችይም ተብላ ተመለሰች። ኔሬይዳ የጠየቀችኝ ያኔ ለመመዝገብ የተፈተነችበት የንባብ ፈተና ወረቀት የሆነ ቦታ ይኖር እንደሆነ ነው።

"ወረቀት የለም" አልኳት።

ቃሉን እንደ ጽሕፈት ትምህርት ረጋ ብዬ፣ እየለየሁ ነው ያልኩት። በከተማው ቤተ መዛግብት ውስጥ የለም ማለቴ ነበር። ይህ እውነት ነው፤ አይቻለሁ።

ኦገስት 21

ዝናብ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። አርባ አንዱም ስም ተረጋግጧል። ሥራ አንድ አለቀ።

ኦገስት 30

የኮሚቴው ስብሰባ። ፕሮፌሰር ኬሳዳ በትሕትና ጠየቀኝ። በ1932 በንባብ ፈተና ስለ ወደቁት ሴቶች ማስረጃ ቢኖር በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር እንጨምር ነበር፤ እርስዎ የሚያውቁት አለ ወይ? ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ጠበቀችኝ። "የለም" አልኩ።

ቃለ ጉባኤው ማታውኑ መጣልኝ። "መምህርት ኤርሲሊያ ስለ ወደቁት ሴቶች ምንም ሰነድ እንደሌለ አረጋግጠዋል" ይላል። ጸሐፊዋ የስብሰባውን ሰዓት ተሳስታ ነበር። ደውዬ ሰዓቱን አሳረምኩ። ሌላ የሚታረም አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ፤ ለሁለተኛ ጊዜ።

ሴፕቴምበር 8

ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስለ ሰሌዳው ያወራሉ።

"ሄደህ ታየዋለህ?"

"ከሩቅ ነው የማየው። ተጠግቼ ፈተና ቢሰጡኝስ?"

"አንተማ ትወድቃለህ።"

"እናቴ ወድቃ የለ? የቤተሰብ ነው።"

ሻጯ ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ ዞር ሲሉ አዩኝ። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ቦታውን ለቀቀልኝ። "ይቅደሙ ሚሲ" አለ። አስተምሬው አላውቅም፤ ዕድሜውም አይፈቅድም። ቀድሜ ገዛሁ። ለምን እንደቀደምኩ አላውቅም።

እናቱ ማን እንደነበረች አልጠየቅሁም። ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ስም አለ።

ይህን ዐረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። ተማሪዎቼ ደብተር ላይ ሲሰርዙ እቆጣ ነበርና ተውኩት።

ሴፕቴምበር 15። ቅዳሜ

ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቷል። የሚመጣም የሚሄድም የለም። ሣጥኑን ከፈትኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሕጉ በ1929 ሲወጣ ለፑዌርቶ ሪኮ ሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ግን ማንበብና መጻፍ ለሚችሉት ብቻ። በከተማችን ለምዝገባ የሚመጡትን ሴቶች እንዲፈትኑ ከተመደቡት አንዷ እናቴ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት የንባብ መጽሐፍ አንድ ገጽ ታስነብባለች፤ የሆነውን በጥቁር ደብተር ትመዘግባለች። ደብተሩ ይኸው ከፊቴ ነው። ጽሕፈቷን ማንም ያውቀዋል፤ ከተማው ግማሹ ከሷ ነው ፊደል የተማረው።

የዚያን ቀን ገጽ ከላይ ጀምሬ እገለብጣለሁ፤

"የትምህርት ቤቶቹ ተቆጣጣሪ ጠዋት መጣ። ዛሬ ከፋብሪካው ይመጣሉ፣ ሁሉም የሚመርጡት አንድ ፓርቲ ነው አለኝ። ሌላ አላለም።"

ከዚያ፤ "ፔትሮኒላ ባዬስ፣ 31፣ ቅጠል ገንጣይ። ገጽ 14 አነበበች። ዓይኗ ከገጹ ይነሳል። በቃሏ እንደሆነ ለማወቅ ገጽ 60 ሰጠኋት። አነበበች። ዓይኗ ይነሳል። በቃሏ ናት። አላለፈችም።"

ቀጥሎ ዐሥራ አንድ ስሞች፣ ሁሉም ከዚያው ፋብሪካ። በእያንዳንዱ ፊት "በቃሏ ናት። አላለፈችም።" የገጽ ቁጥር የለም። ምን እንዳነበቡ አልተጻፈም። ቀለሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው።

እንደ አስተማሪ አየሁት። አንድ ሰው ድንገት የተሰጠውን ገጽ ስድሳ በቃሉ ሊወጣው አይችልም። እናቴ ሁለተኛውን ገጽ የሰጠችው ይህንኑ ስለምታውቅ ነው። መልሱ መጣላት፤ መልሱን ጽፋ ከሥሩ ተቃራኒውን ደመደመች። ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቢያመጣላት በቀይ ታሰምርበት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ርእሰ መምህርት ሆነች። ከሹመቱ ጋር የትምህርት ቤቱ ቤት ተሰጣት። እኔ የተወለድኩት እዚያ ቤት ነው።

በ1981 ይህን ገጽ ያነበብኩት ቆሜ ነው። የሰው ደብዳቤ እንደከፈተ ሰው ቶሎ ዘጋሁት። ገመዱን ሁለት ቋጠሮ አሰርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት። "ወረቀት የለም" ስል ገመዱ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 18

አንድ የቀረኝ አለ፤ ልጻፈውና ልተኛ።

ኔሬይዳ ክፍሌ ስትመጣ ማንበብ ታውቅ ነበር፤ እናቷ ቤት ውስጥ አስተምራታለች። ግን ስታነብ በየመስመሩ መጨረሻ ቀና ትል ነበር። "ዓይንሽ ገጹ ላይ!" አንድ ዓመት ሙሉ። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስያዝኩ አስነበብኳት። የንባብ ነጥቧን ዝቅ አደረግሁት። በዓመቱ መጨረሻ ቀና ማለቱን ተወች፤ በእርማቴ ኮርቼ ነበር።

ጮክ ብሎ ማንበብንም አብራ ተወች። ያኔ አላስተዋልኩትም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ሴፕቴምበር 27

የሰሌዳው ጽሑፍ ረቂቅ ለመጨረሻ እርማት መጣ። "በንባብ ብርሃን መንገድ ለከፈቱልን።" የእኔው ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለት ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ መለስኩት።

ፕሮፌሰሩ ደወለ። "እንደ እርስዎ ጥንቁቅ ሰው አላየሁም" አለኝ።

ኦክቶበር 4

ኔሬይዳ መልእክት አመጣች። እናቷ፣ ሰፈሩ በአክብሮት ዶንያ ኤውፌሚያ የሚላቸው፣ "ያቺ ሚሲሽ እሑድ ትምጣልኝ" ብለዋል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የፔትሮኒላ ልጅ ናቸው። ምክንያት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ኦክቶበር 7። እሑድ

ዶንያ ኤውፌሚያ በረንዳቸው ላይ የእርግብ አተር እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። ጎድጓዳ ሣህኑን በመሃላችን አድርገው "እጅሽ ሥራ አይፍታ" አሉኝ። አብሬ መፈልፈል ጀመርኩ። የምፈልገውም እሱን ነበር፤ ቀና እንዳልል።

የነገሩኝን እንዳለ ልጻፍ። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኞቹ ከየደመወዛቸው አዋጥተው የቀጠሩት አንባቢ ነበር። ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆሞ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ ያነብላቸዋል፤ እጃቸው ቅጠል ላይ፣ ጆሯቸው እሱ ላይ። ሁለት መቶ ሰው ነበር። ከኋላ ያሉት እንዲሰሙት በየመስመሩ ጫፍ ቀና ብሎ ድምፁን ወደ መጨረሻው ወንበር ይወረውራል። ፔትሮኒላ ፊደሉን የተማረችው አንብቦ የጨረሳቸውን ገጾች እየለመነች፣ የሰማችውን ካየችው ጋር እያጋጠመች ነው። አንድ ክረምት አንባቢው ድምፁ ሲዘጋ መድረኩ ላይ የወጣችው እሷ ነበረች። ሁለት ሳምንት አነበበችላቸው። እንደ እሱ ቀና እያለች።

"እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አሉ። "የፈተናው ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። እናትሽ ደግ ነበረች። ለእናቴ ወንበር ሰጠቻት። ለኔም ውሃ አመጣችልኝ።"

አተሩን ፈለፈልኩ።

"እናቴ ወጣች። መንገድ ላይ 'ለካ ሲነበብልኝ የሰማሁት ነው በቃሌ የሚወጣው፤ ማንበብ መስሎኝ' አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አልያዘችም። በ1935 ሕጉ ለሁሉም ሴት ሲሆን ሄዳ ተመዘገበች። ስሟን መጻፍ እየቻለች በአሻራዋ ፈረመች። 'አልችልም ተብያለሁ፤ ውሸታም እንዳይሉኝ' አለች።"

ኔሬይዳ ከውስጥ ሆና ሳህን ማጠቡን አቆመች። 

"ስሟን ነሐስ ላይ ጻፉልኝ አልልም" አሉ ዶንያ ኤውፌሚያ። "ነሐሱን የት አስቀምጠዋለሁ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንቺ የእናትሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሻል ይላሉ። ያን ቀን እናቴ አንብባ ነበር? ወይስ በቃሏ ነው ያለችው? እኔም አውቄው ልሙት እንጂ።"

አላውቅም አልኳቸው።

ኦክቶበር 8

አላውቅም አልኩ። አተሩን አብሬ ፈልፍዬ፣ ለምሳ ያንኑ አተር በሩዝ በልቼ፣ አላውቅም።

ኦክቶበር 20

ለፕሮፌሰር ኬሳዳ ደብዳቤ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ እናቴን ይከላከላል። ሁለተኛው ዘመኑን ይከሳል። ሦስተኛው በቅርቡ እንዳገኘሁት አስመስሎ ይጀምራል፤ "ሰሞኑን ሣጥን ሳስተካክል..." እሱ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በጣም ጥሩ ተጽፏል። ሦስቱንም ቀደድኩ።

እናቴ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ሞት ሲቀርባት ሦስተኛውን ሣጥን አቃጥይው አላለችኝም። ጠብቂውም አላለችኝም። "ሣጥኑን አንቺ ታውቂያለሽ" ነበር ያለችው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኦክቶበር 25

ነሐሱ ተቀርጾ መጣ። ያምራል። ኔሬይዳ በጣቷ ስሞቹን ዳሰሰች። እናቷ በዓሉ ላይ መገኘት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ፤ "ሚሲ ስታነብ ልስማት ብላለች።" ከፊት ወንበር እንዲያዝላቸው ጠየቀች። እይዝላቸዋለሁ አልኩ።

ኖቬምበር 5

ደብተሩን ለፕሮፌሰሩ ወሰድኩት። ቢሮው ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበው። ደግ ሰው ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

"ሐሙስ ነው በዓሉ" አለ። "እንግዶች ተጠርተዋል። በኤፕሪል ጉባኤ አለን፤ እዚያ ጥናት አድርገን እናቀርበዋለን፣ በሥርዓቱ። ደግሞም እናትዎ እኮ ናቸው።"

ትክክል ነው አልኩ። በደረጃው ስወርድ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን መጻፍ አለብኝ።

ኖቬምበር 8። ሐሙስ

ድንኳኑ የተተከለው ቅጠል ይገነጠልበት በነበረው አዳራሽ ወለል ላይ ነው። የድሮው ሲሚንቶ አሁንም ቡናማ ነው። መቶ ያህል ሰው መጣ። ዶንያ ኤውፌሚያ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሹፌሩም ከኋላ ቆሞ አየሁት፤ እንዳለው ከሩቅ።

ጥቁሩ ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት በሚገባ አውቅ ነበር።

አርባ አንዱን ስም አነበብኩ። እናቴን መጀመሪያ። ዓይኔ ገጹ ላይ። አርባ አንደኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ እጄ የቦርሳዬ መዝጊያ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ የጨረስኩ መስሎት አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ተከተለው። ጭብጨባው እስኪያልቅ መጠበቅ እችል ነበር። ማይኩ ክፍት ነበር። ወረቀቴን አጥፌ ወረድኩና ተቀመጥኩ።

ሰው ተበተነ። ልጆቹ ወንበር ማጠፍ ጀመሩ። ዶንያ ኤውፌሚያ አልተነሡም፤ ኔሬይዳ መኪናውን ልታመጣ ሄዳለች። ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ደብተሩን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩት።

"በጠየቁኝ ቀን አውቅ ነበር" አልኳቸው። "ከ1981 ጀምሮ አውቃለሁ።"

ደብተሩን አልከፈቱትም።  መልሰው ሰጡኝ። "መነጽሬን አልያዝኩም። አንብቢልኝ።"

ጀመርኩ። ፔትሮኒላ ባዬስ፣ ሠላሳ አንድ፣ ቅጠል ገንጣይ። ዓይኔን ከገጹ አላነሳሁም፤ ባነሳ እሳቸውን ማየት ነው።

"ቀና በይ" አሉኝ።

"ዶንያ ኤውፌሚያ..."

"ቀና ብለሽ አንብቢ። ከኋላ ያሉት አይሰሙም።"

ከኋላ የነበሩት ወንበር የሚያጥፉት ልጆች፣ ሹፌሩና ገመድ የሚጠቀልለው ፕሮፌሰር ነበሩ። ቆሜ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በየመስመሩ ጫፍ ቀና እያልኩ። ገጽ 14 አነበበች። ገጽ 60 ሰጠኋት። አነበበች። ከዚያ ዐሥራ አንዱን ስም። ሰባተኛው ላይ ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ያኔ እናቱን አወቅኋት። ኔሬይዳ ከየት እንደመጣች አላየሁም፤ ቁልፏን ይዛ ከድንኳኑ ዳር ቆማ ነበር። ለማንበብ ቀና ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። መስመሩ ይጠፋብሻል። ፊት ታያለሽ።

ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም።

"ስለዚህ አንብባለች" አሉ ዶንያ ኤውፌሚያ።

"አንብባለች። ሁለት ገጽ።"

"እናትሽም አውቃለች።"

"አውቃለች።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኔሬይዳ ክንዳቸውን ይዛ አስነሣቻቸው። ሲያልፉ እኔን አላየችኝም። ደብተሩን ዶንያ ኤውፌሚያ ብብታቸው ሥር አድርገው ወሰዱት፤ አልጠየቁኝም፤ ልክ ነበሩ።

ኖቬምበር 10። ቅዳሜ

ለኮሚቴው ጸሐፊ ጻፍኩ። ረቂቅ አላስፈለገውም። "በኦገስት 30 ቃለ ጉባኤ ስለ ሰነዱ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። ስናገረው ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። እንዲታረምና የዐሥራ ሁለቱ ስም ከነፈተናው ገጽ ቅጂ እንዲያያዝ እጠይቃለሁ። ሰነዱ ያለው በሚገባቸው በዶንያ ኤውፌሚያ እጅ ነው።"

ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ኔሬይዳ በሩን ከፈተችልኝ። "ግቢ" አለችኝ። በሕይወቷ አንቺ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሚሲም አላለችኝ።

ዶንያ ኤውፌሚያ ደብተሩን መስኮቱ አጠገብ በመነጽራቸው ይዘውት ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ገጽ ስድሳ ላይ ምን ነበር የተጻፈው? እናታቸው ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ያነበበችው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልገዋል።

እናቴ የመጽሐፉን ስም አልጻፈችም። እኔም ይህንኑ ፈልጌ ትናንት ሦስቱንም ሣጥን ወረቀት በወረቀት ፈትሻለሁ። መጽሐፉ የለም።

"አላውቅም" አልኳቸው።

እውነት ነበር። ዶንያ ኤውፌሚያ መነጽራቸውን አውልቀው ፊቴን አዩት፤ ረጅም ጊዜ፣ እኔ የቤት ሥራዬን ውሻ በላብኝ የሚል ልጅ ሳይ እንደነበረው። ዓይኔን አልሰበርኩም። አምነውኝ እንደሆነ ግን እስከ አሁን አላውቅም።